ስለ ሰሚራ ጡት ማስያዣ፣ ለእናቷ

ዘሁዬ፣

ሐሙስ ሐሙስ በመቃብርሽ በኩል ሳልፍ ቆም ብዬ የማቀርብልሽን ሰላምታ ዛሬ በወረቀት አድርጌዋለሁ። አሰላሙ አለይኪ። ከተለየሽን ሦስተኛው ክረምት ወጣ፤ ትምህርት ቤትም ተከፍቷል። ቦርከና ገና እንደሞላ ነው፣ የጨፋ ሜዳ ውሃ ተኝቶበታል፣ ከሚሴም እንደ ልማዷ በጭቃና በሙቀት መካከል ሆና ትኖራለች።

እንዴት ከርመሃል ብትይኝ፣ ደህና ነኝ እንዳልል ደህና አይደለሁም። ታምሜያለሁ እንዳልል የሚያመኝ ቦታ የለም። መርፌ ጣቴን ሲወጋኝ እንኳ የማውቀው ጨርቁ ላይ ደም ሳይ ነው። ሰው ሁሉ «ጊዜ ይሽረዋል» ይለኛል። እኔም «ኢንሻአላህ» እላለሁ፤ ሌላ ምን ይባላል?

ወረቀት ያስያዘኝ ግን ናፍቆት ብቻ አይደለም። አንድ አማና፣ አንድ አደራ ሰጥተሽኝ ነበር፣ ከደሴ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ። ባለፈው ሳምንት አፈረስኩት። ያፈረስኩት በሰሚራ ምክንያት ነው። ልጃችን እንደ እናቴ ልሞት ነው ብላ ፈርታ፣ ፍርሃቷን ማንም እንዳያይባት ደረቷን ጠፍንጋ አስራ ነበር። ከሰው አፍ ሳይሆን ከእኔ ብትሰሚው ይሻላል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። አስፋልቱ ዳር ያለችው በረንዳ አሁንም የእኔ ናት። የስፌት መኪናዋም አለች፣ እንደ ድሮው ትንገጫገጫለች። ስፌቱ ግን ቀዝቅዟል። ሰው የተሰፋ ልብስ ከሱቅ አንጠልጥሎ በባጃጅ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለእኔ የተረፈኝ የተማሪ ዩኒፎርም፣ መጋረጃና የወፈረ ሰው ሱሪ ማስፋት ነው። ቁልፍ የምትተክይባት በርጩማ ከቦታዋ አልተነሳችም። ደንበኛ መጥቶ ሲቀመጥባት ምንም አልልም። መጀመሪያ ሰሞን «እዚያ አይቀመጥም» እል ነበር፤ በኋላ ሰለቸኝ።

እናትሽ ከጨፋ ሮቢት ጠቅልለው መጥተው ከእኛ ጋር ናቸው። ለሱብሂ ሰላት የሚቀሰቅሱን እሳቸው ናቸው። ሰሚራ «አኮ» እያለች ነው የምትጠራቸው፣ አያቴ ማለቷ ነው በኦሮምኛው። አብረው ነው የሚተኙት። እጃቸው ግን ባዶ መሆን አይወድም፤ ጤፉን ለቅመው ሲጨርሱ የተለቀመውን እንደገና ይለቅሙታል።

ልብሶችሽን በሰደቃ ሰጠናቸው። አንዳንዶቹን ከተማ ውስጥ አያቸዋለሁ። አረንጓዴዋን ቀሚስሽን አንዲት እንጨት ሻጭ ለብሳት ገበያ ትወጣለች። ትከሻዋ ላይ ሰፍታታለች። በአንድ ስፌት አስተካክላት ነበር፤ ግን «ነይ ላጥብብልሽ» ብዬ ማን ነህ ብትለኝ ምን እላታለሁ? አሳልፋታለሁ።

ጡት ማስያዣዎችሽ ግን ለማንም አልተሰጡም። እናትሽ አንድ ላይ ጠቅልለው ጓሮ ወስደው አቃጠሏቸው። «ልጄን የገደለውን ለሰው ልጅ አላለብስም» አሉ። ላስቲኩ ሲቃጠል የሸተተው ሽታ እስከ ማታ ከቤት አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ልብስ ደጃችንን አልረገጠም፤ ስሙም አይነሳም። አንዷ ብቻ ተርፋለች። ገበሯን እንድሰፋልሽ የሰጠሽኝ ነጯ፣ በመኪናዋ መሳቢያ ውስጥ ከክሮቹ ሥር ነበረች። መኖሯን ለማንም አልተናገርኩም። አውጥቼም አላየኋት። ክር ስፈልግ ጣቴ ይነካትና መሳቢያውን እዘጋዋለሁ።

አንቺን ከማየቴ በፊት ልክሽን ማወቄን ታስታውሺያለሽ? በእናትሽ አገር ሴቶች ከተማ ወርደው በወንድ ሰፊ አይለኩም። ክር ወስደው ዙሪያውን ይለኩና ቋጥረው ይልካሉ። አንድ ቀን ከጨፋ ሮቢት እህል ይዞ የመጣ ሰው ጨርቅና የተቋጠረ ክር ሰጠኝና «የልጅቱ ልክ ነው፤ እናቷ ናቸው የላኩት» አለኝ። ክሩን በሜትር ላይ ዘርግቼ «ይህቺማ መቃ ናት» ብዬ ሳቅኩ። ቀሚሱ እንዳይጠብሽ ትንሽ ጨመርኩበት። እናትሽ መልሰው ላኩት፤ «ቋጠሮዬ አይሳሳትም፣ ያልኩትን ይስፋ» ብለው። ቀሚሱን ይዤ እኔው ራሴ የሄድኩት ለይቅርታ ነበር። በዚያው አንቺን አየሁ፣ ነገሩም በዚያው ሆነ።

ስንጋባ ጡት ማስያዣ የሚባል ነገር አታውቂም ነበር። ሰሚራን ከወለድሽ በኋላ ጡትሽ ወተት ሞልቶት ከበደሽ። ውሃ ቀድተሽ ስትመለሺ ጀርባሽን ይዘሽ ግድግዳ ትደገፊያለሽ። አንድ ቀን ከጎረቤት ሴቶች ጋር ሰንበቴ ገበያ ወርደሽ ከቦንዳ ልብስ መሃል መርጠሽ መጣሽ። ለብሰሽው ከጓዳ ስትወጪ ሳቅሽ አልቆም ብሎሽ ነበር። «ትከሻዬ አረፈ» አልሽኝ። እኔ ደግሞ በሰፊ ዐይኔ አየሁት። ወደ ፊት የወደቀው ትከሻሽ ቀና ብሎ፣ የቀሚስሽ የትከሻ ስፌት ከዚያ ቀን በኋላ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ያ ልብስ ለአንቺ ጥሩ ነበር። ይህን የሚያስታውስ ከእኔ በቀር የቀረ የለም።

አንዷ ብቻ ነበረች ክፉ፣ ነጯ። ከሥሯ ሽቦ አለባት። ሽቦዋ ጨርቁን በስቶ ወጥቶ በግራ ብብትሽ በኩል ቧጠጠሽ፤ ትንሽ ጠባሳም ጥሎብሽ ሄደ። «እነዚህ ሰዎች ብረት ለብሰው እንዴት ይስቃሉ?» ብለሽ ሰጠሽኝ። ሽቦዋን በጉጠት ጎትቼ አወጣሁት። የተቀደደውን ገበር «ነገ፣ ነገ» ስል መሳቢያ ውስጥ ቀረች።

ከዚያ የአረፋው ቀሚስ መጣ። ውሃ ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፣ አንቺው የመረጥሽው። ሜትሬን ይዤ ስቀርብሽ ወደ ኋላ ሸሸሽ። «በድሮው ልክ ስፋው፤ ምን ተለወጠና?» አልሽኝ። በድሮው ልክ ሰፋሁት። በአረፋ ጠዋት ለብሰሽው የሰሚራን ሻሽ ልታስሪ እጅሽን ስታነሺ ስፌቱ በግራ በኩል ተወጠረ። በቀኝ በኩል ምንም የለም። ከመንገድ ማዶ የሚሄደውን ሰው ወገብ በዐይኔ የምለካ ሰው ነኝ፤ ሁለት ጡት እኩል አለመሆናቸውን ለማወቅ ሜትር አላስፈለገኝም። ያን ዕለት የበግ ሥጋ ስበላ ምን ምን እንዳለኝ አላስታውስም።

እንግዳው ሲሄድ ጠየቅሁሽ። እጄን ወስደሽ አስነካሽኝ። እብጠቷ ሎሚ ታክላለች። «አታመኝም እኮ» አልሽ። ስላላመመሽ ደግሞ ሁላችንም ደስ አለን።

እናትሽ ለበዓሉ መጥተው ስለነበር አዩሽ። ጠባሳዋን አገኟት። «ይኸው፣ ብረቱ የገባበት!» አሉ። «እኛ ጡታችንን አስረን አናውቅም፤ ስምንት ልጅ አጥብቼ ምን ሆንኩ? የታሰረ ነገር ይቋጥራል። አውልቂው፣ አየር ያግኘው፣ ይሟሽሻል።» ነገሩ የሚመስል ነገር ነበር። ጠባሳው እዚያው፣ እብጠቱ እዚያው። አወለቅሽው። በጥቁር አዝሙድና በቅቤ ታሸሽ። የሰፈሩ ሴቶች ወዳጃ ተቀምጠው ዱዓ አደረጉልሽ። ወሬውን የሰሙትም ሁሉ ለአንድ ሰሞን የየራሳቸውን አውልቀው ጣሉ። ያኔ ለእኔ ሥራ በዛልኝ። በጡት ማስያዣ ልክ የሰፋሁት ቀሚስ ሁሉ ከፊት እየተንሸዋረረ ተመለሰ። አንቺ በርጩማሽ ላይ ተቀምጠሽ «በእኔ የተነሳ የከሚሴ ሴት ሁሉ ጡቷን ለቀቀችብህ» እያልሽ ትስቂብኝ ነበር።

ማሽላው አድጎ እስኪታጨድ ጠበቅን። እናትሽ በመጡ ቁጥር «እንዴት ሆነ?» ይሉሻል፤ «ቀንሷል እማ» ትያቸዋለሽ። እውነት መስሎሽ ይሁን እሳቸውን ለማስደሰት፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። አንቺ ግን አልደበቅሽም። ሁላችንም እያየነው ሌላ ስም ሰጠነው እንጂ። ቆዳው እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን ነው ደሴ የሄድነው።

ሐኪሟ ወጣት ነበረች። መቼ እንደጀመረሽ ስትጠይቅሽ «አረፋ ላይ ነው የታየኝ። ጡት ማስያዣውን አውልቄ ትቼዋለሁ፣ እሱ ግን አልተወኝም» አልሻት፣ መድኃኒቱን በትክክል እንደዋጠ በሽተኛ። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችው። «እህቴ፣ ጡት ማስያዣ ይህን በሽታ አያመጣም» አለች። «የጠበበ ከሆነ ያሳምማል፣ ቆዳ ይልጣል፤ ሽቦውም ይቧጥጣል። ካንሰር ግን አያበቅልም። ቢወልቅም አይቀንስም። ያኔውኑ ብትመጪልኝ ጥሩ ነበር።» ራስሽን ነቀነቅሽ፤ ሻሽሽን አስተካክለሽ አሰርሽ። ከዚያ በኋላ የመጣውን፣ ቀዶ ጥገናውን፣ የአዲስ አበባውን መመላለስ፣ ሳንባሽ ጋ ደርሷል የተባልንበትን ቀን አልጽፈውም። አንቺም ታውቂዋለሽ።

በመመለሻው ሚኒባስ ሐርቡን እስክናልፍ በመስኮት መንገዱን ስታዪ ቆየሽ። ከዚያ እጄን ይዘሽ «ለእማ እንዳትነግራት» አልሽ። «ያን ሁሉ ወር ያስቆየኋት እኔ ነኝ ትላለች። ጡት ማስያዣው ነው ብላ ትመን። አማና።» ወላሂ ብዬ ማልኩልሽ። ለዚህ ነው እናትሽ ጓሮ ሲያቃጥሏቸው ቆሜ ያየሁት። አንድ ጨርቅ ጥፋተኛ ቢሆን ማንን ይጎዳል ብዬ ነበር።

ከፈንሽን፣ መግነዣሽን የቆረጥኩት እኔ ነኝ። አቡጀዲውን ዘርግቼ እንደ ደንበኛ ሥራ ቆረጥኩት። ከፈን አይሰፋም፣ ይጠቀለላል። ከጡት ማስያዣዎችሽ በቀር፣ ከተጋባን ጀምሮ ሳልሰፋልሽ የለበስሽው ልብስ እሱ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ሰሚራ ልምጣ። ሰባተኛ ክፍል ደርሳለች። ቁመቷ አንቺን ሊያክል ነው። ለአዲሱ ዓመት ዩኒፎርሟን ስሰፋ ጀርባዋ ጎበጥ ያለ መሰለኝ። ቀና በይ አልኳት፤ ቀና አልል አለች። ደብተሯን እንደ ጋሻ ደረቷ ላይ ይዛ ነው የምትሄደው። ዐይን አፋር ሆነች፣ ልጅ ሲያድግ እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት።

ባለፈው ሳምንት ከትምህርት ቤት ተጠራሁ። በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲሮጡ ትንፋሽ አጥሯት ወድቃ ነበር። አስተማሪዋ ሴት ናት፤ ልብሷን ልታላላላት ስትከፍት ያገኘችውን በአፏ ልትነግረኝ አፍራ እጇን ደረቷ ዙሪያ እያዞረች አሳየችኝ። የአንቺ መቀነት ነበር፣ ወገብሽ ላይ የምታስሪያት ባለ ቀይ ጠርዟ። ልጅሽ እሷን ደረቷ ላይ እንደ ጭነት ገመድ ጠምጥማ፣ በላይዋ እኔ የሰፋሁትን ሸሚዝ ለብሳ ትሮጥ ኖሯል። ጡት ማስያዣ በተከለከለበት ቤት ውስጥ ከየትኛውም ጡት ማስያዣ የባሰ ነገር ታስራ ኖራለች። እኔም በየቀኑ አያታለሁ።

ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መንገድ ላይ ባጃጅ ውስጥ ሆና፣ ወደ እኔ ሳትዞር «አባ፣ እኔም በቅሎብኛል፤ ሁለቱም ያመኛል። ለአኮ እንዳትነግራት» አለችኝ። ያንቺው ቃል ነው፣ ሳትሰማው ከየት እንዳመጣችው አላውቅም። ያን ጊዜ አንድ ነገር ሊሰማኝ ይገባ ነበር። ባጃጁ ጉድጓድ ውስጥ ሲገባ ጭንቅላቴ ብረቱን መታው፤ እሱን ብቻ ነው የማስታውሰው።

ነርሷ አንቺን የምታውቅሽ ናት። ሰሚራን መጋረጃ ውስጥ አስገብታ ብዙ ቆዩ። ስትወጣ ፊቷ ላይ ሳቅ ስላየሁ ግድግዳውን ለቀቅሁት። «ምንም የለባትም፤ እያደገች ነው፤ ሲያድግ ያማል» አለችኝ። በብብቷ ሥር ያለው ቁስል ከመቀነቱ ነው። «ልኳ የሆነ፣ የማይጠብቅ፣ ሽቦ የሌለው ጡት ማስያዣ ግዛላት፤ እንደ ልቧ ትሩጥበት። ስታድግም በየወሩ ጡቷን በእጇ እንድታውቀው አስተምሬያታለሁ፤ አዲስ ነገር ካገኘች በማግስቱ ወደ እኔ ነው፣ ወደ ቅቤ አይደለም።» የመጨረሻዋን ስትል አላየችኝም።

ከዚያው ሰሚራን ውጭ አቁሜ ሱቅ ገባሁ። ባለሱቁን ታውቂዋለሽ፣ ምላሱ አያርፍም። «እንድሪስ፣ ልታገባ ነው እንዴ? ለኛም ንገረን እንጂ!» አለና ሱቁ ሳቀ። ያወጣቸው ሁሉ ስፖንጅና ሽቦ ናቸው። አንዷን ይዤ በጣቴ ጠርዟን ስዳስስ ሽቦዋ መጣች። እጄ እዚያው ቆመ። «ስንት ቁጥር ነው የምትፈልገው?» አለኝ። የከሚሴን ሰው ወገብ በቃሌ የማውቅ ሰው የልጄን ልክ አላውቅም። አስቀምጬ ወጣሁ።

እኔው ልስፋላት አልኩ። ግን አባት ሴት ልጁን ደረቷን አይለካም። የሚለካት ሰው ቤት ውስጥ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ያን ልብስ ያቃጠለው። ለእናትሽ ሳልናገር የማልፍበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ፣ ዘሁዬ። ወይ ያንቺን አማና ወይ ያንቺን ልጅ።

ከአስር ሰላት በኋላ ነው። እናትሽ ደጃፍ ላይ ሰፌድ ይዘው ተቀምጠዋል። ሰሚራ ስትገባ አረማመዷን አይተው «ማል ታቴ፣ ኢንታለ ኮ? ምን ሆንሽ ልጄ?» አሏት። እሷ አልፋ ጓዳ ገባች። እኔ መሬት ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መቀነቷን አውጥቼ እግራቸው ሥር አኖርኩና የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። «ያ ረቢ» ብቻ አሉ። ከዚያ «እማ፣ ዘሀራን የገደላት ጡት ማስያዣ አይደለም» አልኳቸው።

የሐኪሟን ቃል አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ሰፌዱ አልተንቀሳቀሰም።

«ታዲያ ምንድን ነው የገደላት?»

«በሽታ ነው። ከየት እንደመጣ ሐኪሟም አታውቀውም።»

«አውልቂው፣ ጠብቂ ባልላት ኖሮ ትተርፍ ነበር?»

ልዋሽላቸው ነበር። ምላሴ ላይ መጥቶም ነበር። «መትረፉን አላህ ነው የሚያውቀው። ቶሎ መሄዱ ግን ይሻላት ነበር። ያልወሰድኳት ደግሞ እኔ ባሏ ነኝ፤ አንቱ ብቻ አይደሉም» አልኩ።

ሰፌዱ ላይ ያለውን እህል በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉት። ከመንገድ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል። በመጨረሻ «እሷ ይህን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ታውቅ ነበር። እንዳልነግርዎት ያስማለችኝ እሷ ናት።»

ሰፌዱን መሬት ሲያስቀምጡት እህሉ ተበተነ። «ልጄ የእኔን ተሸክማ ነዋ የሄደች» አሉ። ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጎትተው አለቀሱ። አንቺ የሞትሽ ቀን እንኳ እንዲያ ሲያለቅሱ አላየሁም። እኔ አላለቀስኩም። የተበተነውን እህል ለቀምኩ።

ሲበቃቸው ፊታቸውን ጠረጉና «ክር አምጣ» አሉኝ።

ሜትር ላምጣ ወይ አላልኳቸውም። ክር ቆርጬ ሰጠኋቸው። ጓዳ ገብተው መጋረጃውን ጣሉት። ሹክሹክታ ሰማሁ፣ ከዚያ የሰሚራን ልቅሶ፣ ከዚያ ደግሞ ሳቋን። ሲወጡ ክሩ ተቋጥሯል። «ይህቺ ከጡት በታች ያለችው ዙሪያዋ ናት፤ ይህቺ በላዩ የሚያልፈው። ትከሻዋ ይህን ያህል ነው። አታጥብብ፣ ደግሞ አትጨምርበት» አሉኝ። ድሮ የጨመርኩትን አልረሱትም።

ልኩን አገኘሁ፤ አሠራሩን ግን አላውቅም። ሱሪና ኮት የሚሰፋ እጅ ያንን ቅርጽ ከባዶ አያወጣውም፤ ናሙና ያስፈልገዋል። ናሙናው ደግሞ አንድ ብቻ ነው። መሳቢያውን ከፍቼ ነጯን አወጣኋት። እናትሽ አዩኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ይህቺ ተርፋ ኖሯል?» አሉና አጠገቤ መጥተው በርጩማሽ ላይ ተቀመጡ። ከሄድሽ ጀምሮ እሳቸው ተቀምጠውባት አያውቁም።

ናሙና ለማውጣት ልብሱ መፈታት አለበት። እያንዳንዱ ክፍል ተነጥሎ በጨርቁ ላይ መዘርጋት አለበት። ምላጭ ይዤ የመጀመሪያውን ስፌት ፈለግሁ። ማንገቻዋ ላይ አንቺው በእጅሽ የሰፋሻት አለች፣ በጥቁር ክር፣ ነጭ ክር አጥተሽ ይሆናል። ምላጩን እላይዋ አድርጌ ቆየሁ። ከመቀነትሽ ሌላ ከልብስሽ የቀረኝ ይኸው ነበር። ቤታችን ውስጥ የአንቺን ገላ ቅርጽ የያዘ ሌላ ነገር የለም። ከፈታሁት ጨርቅ ብቻ ይሆናል።

እናትሽ ከእጄ ወሰዷት። «እብጠቷ እዚህ ውስጥ የቱ ጋ ታርፍ ነበር?» አሉ። በግራ በኩል አሳየኋቸው። መዳፋቸውን ውስጡ አሳረፉት፣ እንደ ታመመ ልጅ ግንባር። ጠብቀው ሲበቃቸው ስፌቱን በጥፍራቸው መፍታት ጀመሩ። እሳቸው በአንድ ወገን፣ እኔ በሌላው ሆነን ፈታናት። የጥቁሩን ክር እሳቸው ናቸው ያወጡት። መቀነታቸው ጫፍ ላይ ቋጠሩት።

ልስልስ ያለ ጥጥ ጨርቅ ቆረጥኩ። ማንገቻውን ትከሻ እንዳይቆርጥ ሰፋ አደረግሁት። ላስቲኩን ሁለት ጣት በነፃ እስኪያልፍ አላላሁት። ሽቦ የለበትም። የብብቱን ጠርዝ ቁስሏን እንዳይነካው ሁለቴ አጥፌ ሰፋሁት። ሰሚራ ጓዳ ገብታ ለበሰችው፤ እናትሽ «እጅሽን አንሺ፤ ዙሪ፤ ዝለይ እስቲ» ሲሏት ከውጭ እሰማለሁ። ስትዘል የመሬቱን ድምፅ ሰማሁ። ስትወጣ ሸሚዟን ለብሳ ነበር። የትከሻዋ ስፌት ቦታው ላይ ተቀምጧል። ደብተሯን በአንድ እጇ አንጠልጥላ ሄደች።

አሁን ሌሎች ሁለት ልሰፋላት ጨርቅ ቆርጫለሁ። እናትሽም ለጎረቤት ሴቶች እየተናገሩ ነው፤ «ጡት ማስያዣው አይደለም፤ እብጠት ያገኛችሁ እንደሆነ የእኔን አፍ አትስሙ፣ ሐኪም ጋ ሂዱ» ይላሉ። ይህን ሲሉ ድምፃቸው አይንቀጠቀጥም። ስታድግ ጡቷን በየወሩ እንድታይ ሰሚራን የማስታውሳት እኔ ነኝ ብለዋል። የተሸከምሽላቸውን መልሰው ተሸክመውታል። ከበዳቸው ወይ ብትይኝ፣ ከብዷቸዋል። ግን ጤፉን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚለቅሙት።

አማናሽን ስላፈረስኩ አውፍ በይኝ። እኔ እንደሆንኩ አሁንም ያው ነኝ። የሚያመኝ ቦታ የለም። ብቻ ትናንት መሳቢያውን ከፍቼ ክር ስፈልግ ጣቴ ከታች ያቺን ፈለጋት፤ አጣት። እጄን ሳላወጣ ብዙ ቆየሁ።

ከተፈታው ጨርቅሽ ያወጣሁትን ናሙና ወረቀት ላይ ገልብጬ ግድግዳው ላይ ሰቅዬዋለሁ፣ ከሜትሬ አጠገብ። ማስታወሻሽ እሱ ነው። ሰሚራ ስታድግ እሱም ያድጋል። በየአረፋው እናትሽ ክሩን ይቋጥራሉ፤ እሳቸው ሲደክሙ ልጅሽ ራሷ ትቋጥራለች። አልረሳሽም ዘሁዬ፤ በዚህ ቤት ከእንግዲህ ለማንም ሴት በድሮው ልክ አልሰፋም።

ባለቤትሽ እንድሪስ